በጥርስ የተሰማ ሞተር

ግንቦት 6

ይድረስ ለአባዬ፣

ከሰላምታ በፊት ይቅርታ። ሁለት ደብዳቤ ልከህልኝ አንዱንም አልመለስኩም። «ሞተሽ ነው ወይስ አገባሽ?» ብለህ ለጠየቅኸው፣ አልሞትኩም። ስለ ሁለተኛው ደግሞ ሌላ ቀን እንጨዋወታለን።

ስልኩን ተይና ጻፊ ማለትህ ግን አልገባኝም። ከካምፑ ጀርባ ያለው ኮረብታ ላይ አርባ ደቂቃ ወጥቼ፣ ኔትወርክ ፈልጌ ብደውልልህ «እሺ፣ እሺ፣ በርቺ» ብለህ ዘጋህብኝ። የጠየቅሁህ እኮ እግርህ ተሻለህ ወይ ብዬ ነበር። ይሁን፤ የነዳጅ ቦቴው ሾፌር በየአሥራ አምስት ቀኑ ደብዳቤ ያመላልስልናል። እሱም እንዳንተ ነጭናጫ ነው፣ አደራ ግን አይበላም።

ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። አሮጊቷን ታውቃታለህ፣ ጉድጓድ ለሚቆፍሩት ሰዎች ናፍጣና ቧንቧ የማመላልስባትን የመስክ መኪና። የካምፑ ኃላፊ ክረምቱ ሳይገባ ብሎ ትልልቅ ጎማ አስገጠመላት። ጎማው ወገቤን ያልፋል። ወንዙን አሁን እንደ ቀልድ ትሻገረዋለች፣ ድንጋዩንም አትቆጥረውም። ዳገቱ ላይ ግን ጉድ ሆንኩ። ድሮ በሁለተኛ ማርሽ የምወጣውን አሁን በአንደኛም ታቃስታለች፣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ፍሪሲዮኑ ይሸታል። ሁለት ጊዜ መሃል ዳገት ላይ ቆማብኝ በያጁ ወርዶ ከኋላ ጎማው ሥር የእንጨት ታኮ አስገባልኝ።

በያጁ ማለት ጋቢና ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጠው፣ ቧንቧውን የሚበይደው ልጅ ነው። እናቱ እዚያው ከተማ ናቸው፣ ከጋራዣችሁ ሁለት ፌርማታ ወረድ ብሎ። ከእሱ ሌላ ማንም የላቸውም።

ኃላፊው «ወይ ሞተሩ ይጠንክር፣ ወይ ጭነቱን ለኪራይ መኪና እሰጣለሁ» ብሏል። ለኪራይ መኪና ከሰጠ እኔ ሻንጣዬን ይዤ መጣሁ ማለት ነው። እስቲ ንገረኝ፣ በዚህ ጎማ ላይ ሞተር ማጠንከር ለውጥ ያመጣል? አየር እየነፋ ጉልበት የሚጨምር ቱርቦ ይገጠምላት የሚሉ አሉ። በያጁ «የአባትሽን ጆሮ ጠይቂ» ይላል። ሞተር በጆሮው የሚመረምር አባት አለኝ ብዬ አውርቼ አውርቼ ስምህ እዚህ ድረስ ደርሷል።

ልጅህ


ግንቦት 20

ለልጄ፣

እግሬ ደህና ነው። ስልኩን የዘጋሁት ጋራዡ ውስጥ መዶሻ ስለበዛ ነው። ነጭናጫ ያልሽውንም አንብቤያለሁ።

በያጁን በአንድ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አነሳሽው። እኔ ሞተር ብቻ አይደለም የምመረምረው።

አሁን ስሚ። ሰውየው የመኪናዋን ጉልበት አልነካባትም፣ ጫማዋን ነው የቀየረባት። ትልቅ ጎማ አንዴ ሲዞር ከድሮው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ ሞተርሽ በአንድ ዙር ያንኑ ጭነት የበለጠ እንዲገፋ ተፈርዶበታል። ሁለተኛ ማርሽ ያልሽው ሦስተኛ ሆኖብሻል ማለት ነው። መድኃኒቱ ሞተሩ ውስጥ የለም፤ ጎማውን በሚያዞሩት የፊትና የኋላ አክስሎች ውስጥ ያለው ጥርስ፣ ኮረናና ፒኞኑ ነው። እሱ ለአጭር ማርሽ በሚሆነው ይቀየር፣ አሮጊትሽ ወጣት ትሆናለች።

ሞተር ማጠንከር ለውጥ ያመጣል ወይ ላልሽው፣ ያመጣል፣ ሜዳ ላይ። ዳገት ላይም ጥቂት ይረዳል፣ ያችን ጥቂት ግን በሙቀት ታስከፍልሻለች። ቱርቦ የሚሉሽ ሰዎች ዳገቱን ከሩቅ የሚያዩ ናቸው። ደግሞ ማንም ያልጠየቀሽን ልንገርሽ፦ ጎማሽ ትልቅ ሆነ እንጂ ፍሬንሽ የድሮው ነው። የፍጥነት ጌጁ ስልሳ ሲልሽ አንቺ ሰባ ላይ ነሽ። ቁልቁለት ላይ ይህን አትርሺ።

ለኃላፊሽ ይህንን አንብቢለት። ካልገባው እንደገና አንብቢለት።

አባትሽ


ሰኔ 4

አባዬ፣

ሁለቴ አነበብኩለት። ሁለቴም አልገባውም። ወይም ገብቶት አልተመቸውም። አክስሉ ውስጥ የሚገባው ጥርስ ቢታዘዝ ሦስት ወር ይፈጃል አሉት፣ ክረምቱ ደግሞ አይጠብቀውም። ሞተሩን ግን በአሥራ አምስት ቀን ማጠንከር ይቻላል ብለው ነግረውታል። እኔም አፌ አያርፍ፣ «ከተነካማ አባቴ ብቻ ነው የሚነካው» አልኩ።

ስለዚህ አትቆጣኝ፣ ሞተሩ ወርዶ ቦቴው ላይ ተጭኗል። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሃል። ቱርቦውም አብሮት አለ። እስኪመለስ ድረስ ጭነቱን የኪራይ መኪናው ይዞታል። የእሱ ሾፌር ሊከርም አስቦ ካሁኑ ወንበሩ ላይ ትራስ አድርጓል። ሞተሩ በጊዜ ካልመጣ እሱ እዚያው ይቀራል።

የማትወደውን ሥራ እየሰጠሁህ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሌላ ሰው ቢነካው አላምነውም። አንተ ሰምተህ ደህና ነው ካልከኝ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እወጣለሁ።

«በያጁ አባትና እናቱን ያከብራል ወይ?» ብለህ በደብዳቤህ ኅዳግ ላይ በእርሳስ ለጻፍከው፣ አባት የለውም። እናቱን ግን በየደብዳቤው «ጥርስ ላስተክልልሽ» እያለ ያሰለቻቸዋል። እሳቸው ማንበብ ስለማይችሉ ጎረቤት ነው የሚያነብላቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ ስለ ጥርሳቸው ያውቃል።

ልጅህ


ሰኔ 19
(ያልተላከ)

ልጄ፣

ሞተርሽ ፊቴ ቆሟል። ተገጣጥሞ አልቋል፣ ዛሬ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲሠራ ዋለ።

ልነግርሽ የሚገባ ነገር አለ። ቀኝ ጆሮዬ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ተዘግቷል። ግራው ከጥር ወዲህ ሄደ። እግሬ ተሻለኝ ወይ ብለሽ ስትጠይቂኝ ስልኩ ውስጥ የሰማሁት የንፋስ ነገር ነበር። ጋራዡ ውስጥ የሚያውቅ የለም። የሰው አፍ ማንበብ ለምጃለሁ፣ ጢማም ደንበኛ ሲመጣ ብቻ ነው የምቸገረው። ባለጋራዡ ቢያውቅ በማግስቱ ያሰናብተኛል፣ አልፈርድበትም። አርባ ዓመት «ጆሮ» እያሉ የጠሩኝ ሰዎች ቢያውቁ ምን እንደሚሉኝ ግን ማሰብ አልፈልግም።

ድሮ የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ አድርጌ እጀታውን ጆሮዬ ላይ እደግፈው ነበር። አሁን እጀታውን በጥርሴ ነክሼ እይዘዋለሁ። ድምፁ በአጥንት በኩል ይመጣል። ወፍራሙ ይመጣል ማለቴ ነው። ቀጭኑ አይመጣም፤ ሞተር ሲሞቅ ከታች በኩል የሚጀምረው፣ ፒስተኑን የሚገፋው ቢየላ ላይ ያለው ቀለበት ሲላላ የሚያሰማው ድምፅ ደግሞ ቀጭን ነው። ቱርቦ የተጨመረበት ሞተር ሲታመም እዚያ ነው የሚታመመው።

ሌላ ሰው ጠርቼ «ስማልኝ» ማለት ነበረብኝ። አፌ አልታዘዝ አለኝ። ይህንን ደብዳቤ ብልክልሽ ሞተሩን ለሌላ ሰው ትሰጪዋለሽ፣ ቀኑ ያልፋል፣ ያ ባለትራስ ወንበርሽን ይወስዳል። አንቺ እንጀራሽን ታጪያለሽ፣ እኔም ታሪኬን።

ነገ አስብበታለሁ።


ሰኔ 21

ለልጄ፣

ሞተሩ ከቦቴው ጋር ተልኮልሻል። ቱርቦውን ገጥሜያለሁ፣ የነዳጅ ፖምፓውን በልኩ ከፍቼዋለሁ። የመጀመሪያውን ሳምንት አታስጨንቂው። ውሃውንና ዘይቱን ጠዋት ጠዋት እይ።

ሰምቼዋለሁ። ደህና ነው።

አባትሽ


ሐምሌ 5

አባዬ የኔ ጌታ፣

እጅህ ይባረክ! ባለትራሱ ትራሱን ይዞ ወረደ። ዳገቱን በሁለተኛ ወጣሁት። በሁለተኛ! ኃላፊው ራሱ ከላይ ቆሞ አጨበጨበ። እሱ ለደሞዝ ቀንም አያጨበጭብም።

በሦስተኛ ስሰጣት፣ በጣም ስትሞቅ ብቻ፣ ከታች በኩል ጠቅ ጠቅ የምትል ቀጭን ድምፅ አለች። ቀዝቀዝ ስትል ትጠፋለች። በያጁ ወዲያው ሰማትና «ቁሚ፣ አጥፊያት፣ ይቺ ደህና አይደለችም» አለኝ። እኔም «አባቴ ሰምቶታል፣ ደህና ነው ብሏል» አልኩት። «እሱ ካለማ እኛ ማን ነን» ብሎ ዝም አለ። አዲስ ቱርቦ የራሱ ድምፅ ሊኖረው ይችላል አይደል? አንተ ሰምተህ ካለፍካት የምትታለፍ ናት ማለት ነው። ለወሬ ያህል ነው የጻፍኩልህ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ፣ «አገባሽ?» ወዳልከው። አባዬ፣ ጠየቀኝ። ቧንቧ እየበየደ ነው የጠየቀኝ፣ መነጽሩን እንኳን ሳያወልቅ። እኔም እሺ አልኩ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ እረፍት ወጥተን መጀመሪያ እናቱ ጋ፣ ከዚያ አንተ ጋ እንመጣለን። ሳትቆጣ ጠብቀን። ወይም ትንሽ ተቆጣ፣ እሱ እንደምትቆጣ ስለነገርኩት ካልተቆጣህ ውሸታም እሆናለሁ።

ልጅህ


ሐምሌ 24

አባዬ፣

መንገዱ በጎርፍ ተቆርጦ ቦቴው ሦስት ሳምንት አልመጣም። የሐምሌ አምስቱን ደብዳቤ ለአንድ ወታደር ሰጥቼው ነበር፣ ይድረስህ አይድረስህ አላውቅም። ደርሶህ ከሆነ መጨረሻው ላይ ያለውን ተወው።

በያጁ ሞተ። ከትናንት ወዲያ፣ ዳገቱ ላይ።

ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ስቀይር፣ ማርሹ ገና ሳይገባ፣ ሞተሩ ነክሶ ቆመ። ሞተሩ ሲሞት ፍሬኑም እንደ ድንጋይ ደረቀብኝ፣ በሁለት እግሬ ቆሜበት እንኳን አልይዝ አለኝ። ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመርን። እሱ እንደወትሮው ታኮውን ይዞ ዘለለ። አስገባውም። ታኮው እኮ ለድሮው ጎማ የተቆረጠ ነው አባዬ፤ ጎማውን ስንቀይር ታኮውን መቀየር ለማንም አልታሰበውም። ጎማው ወጥቶበት አለፈ። ከዚያ በላይ አልጽፍም።

መንገድ ስለሌለ እዚሁ ቀበርነው። ሳጥኑን እሱ ያሰለጠነው ልጅ ሠራለት። ለእናቱ ኃላፊው በሬዲዮ መልእክት አስነግሮ ሰው ሄዶላቸዋል፤ መሞቱን ያውቃሉ። እንዴት እንደሞተ ግን የነገራቸው የለም።

ቦቴው ሲመጣ ይህን እልክልሃለሁ። ለጊዜው እጽፋለሁ እንጂ ሌላ ምን አደርጋለሁ።

ልጅህ


ሐምሌ 26

ልጄ፣ ልጄ፣

የሐምሌ አምስቱ ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። አንድ ወታደር ነው በእግሩ ያመጣው። አቁሚያት! ይህንን አንብበሽ ሳትጨርሺ ተነሺና ቁልፉን ከመኪናዋ ላይ ንቀዪ። ያቺ ድምፅ አትታለፍም። ቢየላው እየላላ ነው፣ ዳገት ላይ ይነክስብሻል።

አልሰማኋትም። ሰምቼዋለሁ ያልኩሽ ውሸቴን ነው። የሰኔ 19 ደብዳቤ እዚህ ውስጥ አለ፣ ጽፌ መሳቢያ ውስጥ የወሸቅሁት። አንብቢው፣ ከዚያ የፈለግሽውን ስደቢኝ፣ መጀመሪያ ግን አቁሚያት። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋን ለምኜ ስትደውልልሽ ዋለች፣ ስልክሽ አይሠራም አለችኝ። ቦቴው ነገ ጠዋት መንገዱ ተከፍቶ ይነሳል ብለዋል፣ ይህንን ይዞ ይመጣል።

በያጁ ጆሮ አለው። «ቁሚ» ሲልሽ ቁሚለት። ይህን ልጅ ሳላየው ወድጄዋለሁ፣ ንገሪው። መቆጣቱንም ትቼዋለሁ። ነሐሴ ላይ ኑ።

አባቴ ደንቆሮ ነው በይው፣ እኔ ስነግረው ሳላፍር አልቀርም።

አባትሽ


ነሐሴ 1

አባዬ፣

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ይህ ለአባት አይባልም፣ አውቃለሁ። ጽፌዋለሁ፣ አልሰርዘውም።

ደብዳቤህን ያነበብኩት ጋቢናው ውስጥ ነው፣ ከዳገቱ ጎትተው ካመጧት ወዲህ እዚያ ነው የምቀመጠው። ስለ እሱ «ንገሪው» ያልክበትን መስመር እንደገና ማንበብ አልቻልኩም። ለማን ልንገርልህ?

ሦስት ቀን ተናደድኩብህ። አሁንም ተናድጄብሃለሁ። «ሌላ ሰው ይስማልኝ» ብትል ምን ይጎድልብህ ነበር? ሥራዬ ቢሄድ ሌላ ሥራ ይገኝ ነበር፣ ልብስ ሰፊዋ ጋ ቁልፍ እተክል ነበር። ግን ሌሊቱን ስገላበጥ የሚመጣብኝ ያ አይደለም። አንተ አልሰማህም። እኔ ግን ሰምቼ ነበር። እሱም ሰምቶ ነበር። ሁለታችንም በጆሯችን የሰማነውን ትተን፣ ያልሰማውን ሰው አመንን። እኔ ነኝ ዝም ያስባልኩት።

ኃላፊው የአደጋውን ወረቀት «የሾፌር ጥፋት» ብሎ ጽፎ አመጣልኝ። ስለ ጎማውና ስለ ፍሬኑ አንድ ቃል የለበትም። ፈረምኩ። የአንተ ስም የለበትም፣ አትስጋ።

አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ። እናቱ ጋ ሂድ። ልጃቸው ለምን እንደሞተ ከሰው አፍ ይስሙ እንጂ በጎረቤት አንባቢ አይድረሳቸው። ሙሉውን ንገራቸው፣ የእኔንም የአንተንም። እኔ አልችልም። የምመጣው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው፣ እረፍታችን የተጻፈው ለዚያ ቀን ስለሆነ።

ልጅህ


ነሐሴ 14

ለልጄ፣

ያልሰረዝሽው ልክ ነው።

ከዚህ ጋር ለኃላፊሽ የጻፍኩት አለ፣ ስጪው። ስለ ጎማው፣ ስለ ፍሬኑ፣ ስለ ታኮው፣ ስለ ጆሮዬም አንድ በአንድ ጽፌያለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብዬም ጨምሬበታለሁ። የፈረምሽውን ወረቀት ይቅደደው፣ ካልቀደደ ይህንኑ ጽፌ ከእሱ በላይ ላሉት ሁሉ አዳርሳለሁ። ለባለጋራዡም ነግሬዋለሁ። ብዙ ተናገረ፤ ጢሙን ተላጭቶ ስለነበር ገባኝ። መሣሪያዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

ትናንት እናቱ ጋ ሄድኩ። ሁለት ፌርማታ ነው ያልሽው፣ በእግሬ ሄድኩ። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ አልጋና አንድ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ልጃቸው የብየዳ መነጽር አድርጎ የተነሳው ፎቶ። ወንበሩን ለእኔ ሰጥተው እሳቸው አልጋው ላይ ተቀመጡ። ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ከጎማው ጀምሬ። «ሰምቼዋለሁ» ብዬ መጻፌን፣ እሱ «ቁሚ» ማለቱን፣ አንቺ በእኔ ቃል ማለፍሽን። ድምፄን እንደማልሰማው ታውቂያለሽ፣ ጮኼ ኖሯል መሰለኝ፣ ጎረቤቶች በሩ ላይ ተሰበሰቡ።

ስጨርስ እሳቸው መናገር ጀመሩ። ብዙ ተናገሩ ልጄ። አፋቸውን ለማንበብ ሞከርኩ፤ ጥርስ የሌለው አፍ አይነበብም፣ ደግሞ በሻርፕ ይሸፍኑታል። አንድ ጊዜ እጃቸውን አንስተው ደረታቸውን መቱ። የረገሙኝ መሰለኝና አንገቴን ደፋሁ። ቀና ስል እጄን ይዘውኛል። አለመስማቴን ነግሬያቸው ነበር፣ ረስተውታል ወይም አላመኑኝም። በር ላይ የቆሙት ሴቶች ሲያለቅሱ አየሁ፤ በምኑ እንደሆነ አላወቅሁም።

መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጠየቁኝ። ጥያቄ መሆኑን ያወቅሁት ዝም ብለው ዓይን ዓይኔን ስላዩኝ ነው። ሁለተኛ ጠየቁኝ። ድገሙልኝ ብዬ ሦስተኛ ላስለፋቸው አልቻልኩም። «አዎ» አልኳቸው። እጄን ለቀቁና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ነሐሴ መጨረሻ ስትመጪ መጀመሪያ እሳቸው ጋ ሂጂ። ምን ብለው እንደጠየቁኝ ጠይቂልኝና በወረቀት ጽፈሽ አምጪልኝ። ምን ላይ አዎ እንዳልኩ ማወቅ አለብኝ።

አባትሽ